መንገዱ ክፍት ሳለ፦ ከድሬዳዋ ለመቀሌ ተፈናቃዮች የድጋፍ ጥሪ

የድሬ ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የሰፈራችን እድሮችና አፎሻዎች በአንድ ላይ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። መቀሌ መጠለያ ውስጥ ላሉ ተፈናቃዮች ክረምት ሳይገባ ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ሳሙናና የእህል መግዣ ገንዘብ ልናደርስ ነው። ብቻችንን አንችለውም። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ ያላችሁ ሁሉ እንድትገቡበት እንፈልጋለን።

ነገሩን ባነሳን ቁጥር "የትግራዩ ጦርነት አልቆ የለም እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ጦርነቱን ለማቆም የተስማሙበት የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሟል። ተኩሱ ቆመ። ተኩስ ቆመ ማለት ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ ማለት አይደለም። ስምምነቱ ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ይመለሱ ይላል። የተመለሱም አሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን፣ በተለይ ከምዕራብ ትግራይ የወጡት፣ ፊርማው ከተፈረመ በኋላም መቀሌ፣ ሽሬ፣ አድዋና አዲግራት ውስጥ በድንኳንና በትምህርት ቤት ክፍል ዓመታት አሳልፈዋል። መቀሌ "ሰባ ካሬ" የሚባለው ቦታ ያለው መጠለያ አንዱ ነው። የመጡበት ልብስ አልቆ፣ ሸራው በፀሐይ ተቀዳዶ፣ ሌላ ክረምት ይመጣባቸዋል።

አሁን ለምን ቸኮላችሁ የሚለን ካለ፣ የ2014ን ዓመት ያስታውስ። መጋቢት 15 ቀን መንግሥት ለሰብአዊ እርዳታ ሲባል ተኩስ መቆሙን አወጀ። በሳምንቱ፣ መጋቢት 23፣ ከሦስት ወር በላይ መኪና ያልገባበት መንገድ ተከፍቶ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል የጫኑ መኪኖች በአብአላ በኩል መቀሌ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ መኪና ገባ። ነሐሴ 18 ቀን ውጊያው እንደገና ሲጀመር መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ክፍት ሆኖ የቆየው አምስት ወር ነው። በእነዚያ አምስት ወራት የገባው ገባ፣ ያልገባው ቀረ። መንገዱ መዘጋቱ ያደረሰው ጉዳት ከፕሪቶሪያ በኋላ እንደገና ሲከፈት ታየ። ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሁለት መኪና መድኃኒት ይዞ መቀሌ ሲገባ፣ ሆስፒታሎቹ ጓንትና ማደንዘዣ አልቆባቸው ነበር። ለእርዳታ ዋናው ነገር መንገዱ ነው። መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ያልተላከ ነገር በኋላ በብዙ ገንዘብም ላይደርስ ይችላል። እኛ የምንቸኩለው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ትልልቆቹ ለጋሾች እጃቸው አጥሯል። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ገበያ ላይ ሲሸጥ ስለተገኘ የምግብ እደላው መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ ለወራት ቆመ። የሰረቁት ሌሎች ሆነው የተራቡት ተፈናቃዮች ሆኑ። እደላው እንደገና ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ያ ሁሉ ስንዴ በአንድ ጊዜ የሚተካ አይደለም። እኛም እንተካዋለን አላልንም። የተወሰኑ ቤተሰቦችን ግን ክረምቱን ማሻገር እንችላለን።

ምን እንደሚያስፈልግ ልዘርዝር፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋልና።

ድሬ የሚኖር ሰው የመቀሌን ብርድ ላይገምተው ይችላል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መቀሌ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ በሌሊት ሙቀት ጣሪያ ላይ ልንተኛ ስንመኝ፣ እዚያ በሐምሌ ሕፃን ልጅ በእርጥብ መሬት ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሽርጥ፣ ስስ ቀሚስና ሸበጥ አታምጡ። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የልጆች ሹራብ፣ ካልሲ፣ ዝግ ጫማ አምጡ። ቀፊራና ታይዋን ገበያ ላይ ሱቅ ያላችሁ ነጋዴዎች፣ ብርድ ልብስና ሸራ በጅምላ ዋጋ ብትሰጡን ለእኛ ትልቅ መዋጮ ነው። የድንኳን ሸራ ወፍራሙ ይሁን። ስሱ ለአንድ ክረምት እንኳ አይበቃም።

ሳሙና፣ ጀሪካን፣ የሴቶች ሞዴስ ያስፈልጋል። ሞዴሱን ሰው ለመናገር ያፍራል፣ እኛ ግን በግልጽ እንጠይቃለን። በአንድ ድንኳን ውስጥ ከአባቷና ከወንድሞቿ ጋር የምትኖር ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ ምን እንደምትሆን እናቶች ታውቁታላችሁ።

የዱቄት ወተት አንቀበልም። እናቶች ይህን ስንነግራቸው ይገረማሉ። ንጹሕ ውኃና ማፍሊያ በሌለበት ጡጦ ሕፃኑን ለተቅማጥ ያጋልጠዋል፣ እናትየዋም ጡት ማጥባት ታቆማለች። ለእናትየዋ ምግብ መስጠት ይሻላል። ቤት ውስጥ የተረፈ መድኃኒትም እንዲሁ አይምጣ።

እህሉን በተመለከተ በኮሚቴው ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ ከዚሁ ስንዴ እንጫን አሉ። መንገዱን አስቡት። ከድሬ በሚኤሶ አድርጎ አዋሽ፣ ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ ሰመራ፣ ከሰመራ በአፍዴራና በአብአላ መቀሌ ነው። የነዳጁና የጭነቱ ዋጋ የእህሉን ገንዘብ ይበላዋል። መንገዱ በመከፈቱ የመቀሌ ገበያ እህል አለው፣ ተፈናቃዩ ነው መግዣ ያጣው። ስለዚህ ገንዘብ ይዘን እዚያው እንገዛለን። በእኔ እምነት ይህ ትክክል ነው። የእዚያ ነጋዴም ሥራ ያገኛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአገራችን የእርዳታ እደላ አንድ ሰው በወር የሚታሰብለት 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የሚሆን ዘይት ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ስድስት ሰው ለአንድ ወር ይይዛል። አንድ ቤተሰብ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እድር አንድ ኩንታል፣ አንድ ባጃጅ ማኅበር አንድ ኩንታል፣ አንድ ክፍል ተማሪ ተረዳድቶ አንድ ኩንታል ቢችል፣ እያንዳንዱ የአንድ ቤት የአንድ ወር ምግብ ቻለ ማለት ነው።

"እዚሁ አጠገባችን ያሉትስ?" የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ባቢሌ አጠገብ ቆሎጂ መጠለያ ውስጥ በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በሶማሌና በኦሮሚያ ወሰን በተነሳው ግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች ዓመታት ቆጥረዋል። በዚያው ጊዜ የተፈናቀሉ ሰዎች ድሬም መጥተው ሚሊኒየም ፓርክ ማረፋቸውን የማያስታውስ የለም። የሰበሰብነው ብርድ ልብስና ሳሙና ሩቡ ለቆሎጂ እንዲሆን ተስማምተናል። በትግራዩ ጦርነት ከአብአላ አካባቢ የተፈናቀሉ የአፋር ቤተሰቦችም አሉ፤ መኪናው በዚያው ስለሚያልፍ ለእነሱም እናወርዳለን። የተፈናቃይን ብሔርና ሃይማኖት የሚጠይቅ ሰው በኮሚቴያችን የለም፣ እንዲገባም አንፈቅድም።

አቦ፣ እኛ ድሬዎች ይህን ነገር ከሩቅ ሆነን የምንሰማው አይደለንም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። በሺዎች የሚቆጠሩ ጎረቤቶቻችን ድንኳን ውስጥ ከረሙ። ያኔ ብርድ ልብሱና ብስኩቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። ከመላ አገሪቱ ነው የመጣው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት የሞላው የደቻቱ ልጅ በዚያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ያደረ ነው።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ አንድ ነገር ልበል። የ2015ቱ ስርቆት ያሳዘነው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሥራው በግልጽ ይሠራል። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ከእድር፣ አንዱ ከአፎሻ፣ አንዷ ከሴቶች። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል። አምስት ብር ለሰጠ ሕፃንም ይቆረጣል። መቀሌ ስንደርስ ራሳቸው ተፈናቃዮቹ የመረጡት ኮሚቴ ስም ዝርዝር ይዞ፣ እናቶችና አቅመ ደካሞች ቀድመው፣ በአደባባይ ይታደላል። የማንንም ፊት ፎቶ አንስተን አንለጥፍም። የእህሉ የግዢ ደረሰኝና የርክክቡ ወረቀት ግን በየእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብ ለእድራችሁ ወይም ለአፎሻችሁ ገንዘብ ያዥ ስጡ። የሒሳብ ቁጥሩም በየእድሩ ሰሌዳ ላይ አለ፤ ከሰሌዳው ሌላ በስልክ የሚላክላችሁን ቁጥር አትመኑ። ዕቃ የምታመጡ ታጥቦና ታጥፎ፣ በመጠን ተለይቶ ይምጣ። የሹፌር መንጃ ፈቃድና የረጅም መንገድ ልምድ ያላችሁ፣ ትግርኛና አፋርኛ የምትናገሩ፣ መጋዘን ለጥቂት ሳምንታት ልትፈቅዱልን የምትችሉ፣ ስማችሁን ለእድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ። መሰብሰቡን ግንቦት መጨረሻ ላይ እንዘጋለን፣ መኪናው በሰኔ መጀመሪያ ይወጣል። ነገ ዛሬ ሳትሉ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።