ለደንበኞቻችን፦ ጎግል የሚያነበው በስልክ የሚከፈተውን ገጻችሁን ነው

ጉዳዩ፦ ድረ ገጾችን ለሞባይል ስልክ ስለማስተካከል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ድረ ገጻችሁን የምታዩት ቢሮ ውስጥ በኮምፒዩተር ብቻ ከሆነ፣ ጎግል የሚያየውን ገጽ እያያችሁት አይደለም። ጎግል ገጾችን የሚያነብበት ፕሮግራም ሰርቨራችሁን (ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒዩተር) የሚጠይቀው እንደ ስማርትፎን ሆኖ ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መዘርጋት ጀመረ፤ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለአዳዲስ ድረ ገጾች ሁሉ መደበኛ ሆነ። ከጁላይ 5 ቀን 2024 (ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.) ወዲህ ደግሞ በስልክ ጨርሶ የማይከፈት ገጽ በፍለጋ ውጤት ውስጥ አይካተትም።

ብዙዎቻችሁ «የእኛ እኮ በስልክ ይከፈታል» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ይከፈታል። ጥያቄው ሲከፈት ምን ይዞ ይከፈታል የሚለው ነው፤ በስልኩ ገጽ ላይ የሌለ ጽሑፍ ለጎግልም የለም። የአንድን ሆቴል ገጽ እንውሰድ። በኮምፒዩተር ሲታይ የክፍል ዓይነት፣ ዋጋና የስብሰባ አዳራሽ ዝርዝር አለው። የስልኩ ገጽ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ግን የአዳራሹ ክፍል ከስልኩ ወጥቷል። ሆቴሉ «የስብሰባ አዳራሽ» ተብሎ ሲፈለግ ከውጤቱ ወደ ታች ቢወርድ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው ክፍሉን ማውጣት ሳይሆን ተጣጥፎ ሲነካ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። ጽሑፉ ገጹ ሲጫን አብሮ እስከመጣ ድረስ ቢታጠፍም ጎግል ያነበዋል። ሰው ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ብቻ ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ግን አያገኘውም፤ የጎግል ፕሮግራም ቁልፍ አይጫንም።

ይህን ራሳችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። ቀድሞ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት የጎግል የሞባይል መፈተሻ ገጽ በዲሴምበር 2023 ስለተዘጋ እሱን አትፈልጉ። ጎግል ሰርች ኮንሶልን (ጎግል ድረ ገጻችሁን እንዴት እንደሚያየው ለባለቤቱ የሚያሳየውን አገልግሎት) ክፈቱና የገጹን አድራሻ ከላይ ባለው ሳጥን አስገቡ። ቀጥሎ «ቴስት ላይቭ ዩአርኤል» የሚለውን፣ ሲጨርስ «ቪው ቴስትድ ፔጅ» የሚለውን ተጫኑ። ጎግል የተቀበለው የገጹ ኮድና እንደ ስልክ ሆኖ ያየው ምስል ይቀርብላችኋል። በኮዱ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ዋጋችሁንና ዋና ዋና የአገልግሎት ስሞቻችሁን ፈልጉ። ያጣችሁት ካለ ማስተካከል የሚጀመረው ከዚያ ነው። ምስሉ ያለ ቀለምና ያለ ቅርጽ ተዘርዝሮ ከመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሮቦትስ የሚባለው፣ ጎግል የትኛውን ማንበብ እንደሚችል የሚነግረው ፋይል የቅርጽ ፋይሎቻችሁን ከልክሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ገጹ ቅርጽ። በገጹ ኮድ ራስጌ ቪውፖርት የሚባል አንድ መስመር አለ፤ ስፋቱ ከመሣሪያው ስፋት ጋር እኩል፣ መነሻ ማጉያው 1 መሆን አለበት። መስመሩ ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ይስለውና ወደ ጠባቡ ስክሪን ያሳንሰዋል፤ ፊደሉ የማይነበበው ለዚህ ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት ከሚታዩት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሳምሰንግ ስልኮች ብዙዎቹ ለድረ ገጽ የሚሰጡት ስፋት 360 ፒክስል አካባቢ ስለሆነ የምንፈትነው በዚያ ስፋት ነው። እናንተም በኮምፒዩተር ክሮም ላይ ኤፍ 12ን፣ ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤምን አንድ ላይ ተጭናችሁ ስፋቱን 360 አድርጉ። ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ከስክሪኑ የሚሰፋ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ባለ አምስት ዓምድ የዋጋ ሠንጠረዥ ወይም ስፋቱ በቁጥር የታሰረ ፎቶ ነው። በአማርኛ ገጾች ላይ ረጃጅም ቃላትም ከቁልፍና ከርዕስ ሳጥን ያልፋሉ፤ ቃሉ እንዲሰበር መፍቀድ ወይም የርዕሱን ፊደል ማሳነስ ይበቃል። የገጹ ዋና ጽሑፍ ፊደል ከ16 ፒክስል አይነስ። ቅጽ መሙያ ሳጥኖች ውስጥ ከዚያ ካነሰ አይፎን ሲነካ ገጹን በራሱ ያጎላዋል። ቁልፎች 48 በ48 ፒክስል፣ በመካከላቸው 8 ፒክስል ክፍተት ይኑራቸው። ስልክ ቁጥራችሁም በ+251 የሚጀምርና ሲነካ የሚደውል ይሁን።

በጣም የምናሳስባችሁ ግን በፎቶ ላይ የተጻፈ አማርኛ ነው። 1200 ፒክስል ስፋት ባለው ባነር ላይ በ24 ፒክስል የተጻፈ ማስታወቂያ 360 ላይ ሲያርፍ ወደ 7 ፒክስል ይወርዳል። ደንበኛ አያነበውም፤ ጎግልም እንደ ገጽ ጽሑፍ አይቆጥረውም። ስካን ተደርጎ የተጫነ የምግብ ዝርዝርም ያው ነው። ጽሑፉን በዩኒኮድ (ሁሉም ዘመናዊ መሣሪያ በሚያውቀው የፊደል ኮድ) አስጽፋችሁ ከፎቶው በታች አድርጉት። በቆዩ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑ የአማርኛ ፊደሎች ተጽፎ የተለጠፈ ገጽ ደግሞ ፊደሉ በሌለበት ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ መለወጥ አለበት።

ፍጥነትን በተመለከተ ጎግል ሦስት ነገር ይለካል፦ የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየቱን፣ ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ መስጠቱን፣ ሲጫን ይዘቱ ከቦታው የመዝለሉ መጠን ከ0.1 አለመብለጡን። ከመቶ ጉብኝት 75ቱ ይህን ማሟላት አለባቸው። እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን፦ ፍጥነት ብቻውን አንደኛ አያደርግም፤ የተፈለገውን በትክክል የሚመልስ ዘገም ያለ ገጽ ባዶውን ፈጣን ገጽ ሊበልጠው ይችላል። ቢሆንም ኔትወርክ ደካማ በሆነበት፣ ፓኬጅ በሚቆጠርበት አገር ከባድ ገጽ ደንበኛ ያባርራል።

ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከፎቶ ነው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ይመዝናል። ወደ 1200 ፒክስል ስፋት አሳንሱት፣ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጡት፣ ከ150 ኪሎባይት በታች አውርዱት። ስፋቱና ቁመቱ በኮዱ ካልተጻፈ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ገጹን ወደ ታች ይገፋና ደንበኛው ያልፈለገውን ይነካል። በወርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ፎቶዎችን እያዘገዩ የሚጭኑ ፕለጊኖች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ጥሩ ናቸው፤ የላይኛውን ዋና ፎቶ ግን ከዚያ አውጡት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያውን መለኪያ የሚያበላሹት እነሱ ይሆናሉ። የግዕዝ ፊደል ፋይል ከ300 በላይ ቅርጾች ስለሚይዝ ከላቲኑ ይከብዳል፤ ሁለት የፊደል ውፍረት (መደበኛና ደማቅ) ይበቃል። ዘመናዊ አንድሮይድና አይፎን የራሳቸው የአማርኛ ፊደል ስላላቸው፣ ልዩ ፊደል የግድ ካላስፈለጋችሁ ጨርሶ አለመጫኑ ይሻላል።

ለስልክ የተለየ፣ በ«ኤም ነጥብ» የሚጀምር አድራሻ ያላችሁ አንዳንድ ነባር ደንበኞች ወደ አንድ ድረ ገጽ እንድትጠቀለሉ እንመክራለን። ስትጠቀለሉ እያንዳንዱ የቆየ ገጽ ወደ አቻው ገጽ በቋሚ ማዞሪያ፣ በ301፣ ይዙር። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞር የውስጥ ገጾቹን ደረጃ ያጠፋል። ማዞሪያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቆይ።

ከማስተካከያው በኋላ ለውጡን በማግስቱ አትጠብቁ፤ የፍጥነቱ ቁጥር የ28 ቀን ጉብኝት ድምር ነው። ጎብኚ ጥቂት ከሆነ ሰርች ኮንሶል በቂ መረጃ የለም ይላችኋል፤ ያ ስህተት አይደለም፣ በፔጅስፒድ ኢንሳይትስ (በጎግል የፍጥነት መፈተሻ ገጽ) የሚገኘውን የሙከራ ውጤት ተጠቀሙ።

ችግር ስታዩ የገጹን አድራሻ፣ የስልኩን ዓይነትና የስክሪኑን ፎቶ በአንድ ላይ ላኩልን። ከዚያ በፊት ግን የሰርች ኮንሶሉ ባለቤትነት በድርጅታችሁ ኢሜይል መሆኑን አረጋግጡ። በለቀቀ ሠራተኛ የግል ኢሜይል የተመዘገበ ከሆነ፣ ከዶሜይን (የድረ ገጹ ስም) አስተዳዳሪው ጋር ሆነን በአዲስ ኢሜይል ባለቤትነቱን እናረጋግጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ሥራና ጥገና ቡድን