እማዬ፣ ምላጩን አስቀምጪው

እማዬ፣ እንደምን አለሽ?

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ አንቺን ወጥታ ነው መሰለኝ፣ ቤቱን በትዕዛዝ ታምሰዋለች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ቁርጥ አባዬን ነው። ስለ እነሱ ብቻ እየጻፍኩ ገጹን ብሞላው ደስ ይለኝ ነበር። ግን የተቀመጥኩት ስለ እግርሽ ልጽፍልሽ ነው።

እህቴ ነገረችኝ። እንዳትቆጫት። ጣትሽ ማበጡን አይታ ስትጠይቅሽ «ጫማ ነክቶኝ ነው» አልሻት። ማታ ግን አልጋሽ ጠርዝ ላይ ጎብጠሽ፣ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ፣ የአውራ ጣትሽን ጥፍር ጥግ በምላጭ ስትጎረጉሪ አገኘችሽ። መነጽሩን እንኳ ዓይንሽ ላይ አላደረግሽውም!

እኔ ልጅ ሆኜ ጥፍሬ ሥጋ ውስጥ የገባ ጊዜ ምላጭ አላስነካሽኝም። እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርሽ። ከዚያ ቅንጣት ጥጥ ጠቅልለሽ በጥፍሩ ጥግ ሥር ቀስ አድርገሽ ሸጎጥሽልኝ። «ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጥጉን አትክበቢው፣ ሲያድግ ይወጋሻል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ለጤነኛ ሰው ዛሬም የሚመከረው ይኸው ነው። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ጥጡን በየቀኑ መቀየር፣ ጣት የማያጣብብ ጫማ ማድረግ። እጅሽ ደግ ነበር፣ ተሻለኝ።

አንቺ ግን ስኳር አለብሽ። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቤት ውስጥ በራስ የሚሠራ ነገር አይደለም። ትንሿ ቁስል በቶሎ አትድንም፤ መግል ከያዘችም ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። ውሃውም ቢሆን ሙቀቱ ሳይሰማሽ ሊያቃጥልሽ ይችላል። እህቴን «ምንም አያመኝም» ማለትሽን ስሰማ ደስ ያለኝ እንዳይመስልሽ። ያበጠና የቀላ ጣት ካላመመ፣ ነርቩ ደክሞ ሊሆን ይችላል። የጋሼ ነገር በምን እንደጀመረ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«ምንም አይደለም» ስትይኝ የማላምንሽ ለምን እንደሆነም ታውቂያለሽ። አባዬ አልጋ ላይ እያለ «ጉንፋን ነው» አልሽኝ። በመጨረሻው ቀን ስደውል ከኋላሽ ሰው ያለቅስ ነበር። «ሬዲዮ ነው» አልሽ። እኔም አምኜ ስለ ልጆቹ ሳወራልሽ ቆየሁ። እንዳትጨነቂ ብለን ነው ብላችሁኛል። ገብቶኛል። ግን እማዬ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል። ይኸን ላንቺ ብዬው አላውቅም።

ለማንኛውም፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እህቴ ትወስድሻለች፣ ተነጋግረናል። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘሽ ሂጂ፤ ስኳር እንዳለብሽም ሳትጠየቂ ቀድመሽ ተናገሪ። ጥፍሩ ይነቀላል ብለሽ ከሆነ የፈራሽው፣ ብዙ ጊዜ ሙሉው አይነቀልም። ጣቱን በመርፌ አደንዝዘው የሚወጋሽን ጎን ብቻ ቆርጠው ያወጡታል። ተመልሶ እንዳያስቸግርሽ ሥሩን በመድኃኒት ሊነኩት ይችላሉ። የዚያኑ ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ግን የእግርሽን የደም ዝውውር ይዩልሽ።

እስከዚያ ድረስ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በስሱ በፋሻ ሸፍኚው፣ ክፍት ጫማ አድርጊ። ከመሳቢያው ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ ፈልገሽ እንዳትውጪ፣ መሳቢያሽን አውቀዋለሁ። ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ጣቱ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። እስኪነጋ ብለሽ እንዳትጠብቂ።

ስትመለሺ ራስሽ ደውዪልኝ። ሐኪሙ ያለውን እንዳለ ንገሪኝ፣ አታለስልሺልኝ። የጣቱንም ፎቶ ላኪልኝ። የታመመው የቀኙ ነው፣ እማዬ። የግራውን አንስተሽ እንዳትልኪልኝ።

ልጅሽ