ብቻሽን አትውጪ

ረቡዕ ገበያ፣ የካቲት 19

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቴን ትላለች፤ ጸበሌን ሳልጨርስ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ አስቸግራኛለች። ስትደውዪ ተቆጫት፣ አንቺን ትሰማለች። ዳለቻዋ ላም ወልዳለች። የመስኖውን ድንች ውርጭ መታው፤ ገብሱ ግን ቀድሞ ጎተራ ገብቷል።

በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ረቡዕ የአክስትሽ ልጅ ድንች አድርሶ ከጎንደር ሲመለስ ገበያ መሀል አገኘኝ። እዚያ ከባልደረባሽ ጋር ተገናኝተው ኖሮ ወሬሽን ይዞ መጣ። እዚያ ስሜን ፓርክ፣ ከጨነቅ ካምፕ በታች፣ መሸት ሲል የመጥረቢያ ድምፅ ሰምተሽ ብቻሽን ወረድሽ አሉ። የአስታ ዛፍ ሲቆርጡ የነበሩ ሁለት ጎልማሶች ይዘሽ፣ ሌሊቱን ጠብቀሽ፣ ሲነጋ ለፖሊስ አስረከብሽ አሉ። አጋርሽ አሞት ካምፕ ተኝቶ ነበር አሉ። ገበያተኛው «እሰይ! ጀግና ወለድህ!» እያለ ትከሻዬን መታኝ። እኔ የገዛሁትን ጨው እዚያው ረስቼ ወደ ቤት መጣሁ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። እመብርሃንን የለመንኋት ልጄን በሰላም እንድትመልስልኝ እንጂ ጀግና እንድትሰጠኝ አልነበረም።

ልጄ፣ ብቻሽን አትውጪ።

ሥራሽን ንቄ እንዳይመስልሽ። የተቀጠርሽ ለት የሰፈራችን መምህር አስቀምጦ አስረድቶኛል። ስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ያን ሁሉ ዓመት ገደሉን በእግራቸው የዞሩት እንዳንቺ ያሉ የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች ናቸው። ዋልያ እዚያ ካለቀ ሌላ የትም የለም፤ ይህ ይገባኛል። ጎህ ሲቀድ ወጥተሽ የዋልያውን ዱካ ስታዪ፣ ወጥመድ ስትፈቺ፣ ክልሉን አልፎ የገባ ከብት ስታስወጪ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክላሽሽን አንግተሽ እንግዳ ስታጅቢ እንደምትውዪ ስትነግሪኝ ለእናትሽ ደግሜ እነግራታለሁ። የምጨነቀው ሥራው ስለሚገባኝ ነው።

የምትይዣቸውን ሰዎች በሚመለከት አንድ ነገር ልበልሽ። ማገዶ በጀርባዋ የተሸከመችን እናትና ዋልያ ላይ የተኮሰን ሰው በአንድ ዓይን አትዪ። የመጀመሪያዋን ስሟን ጠይቂያት፣ ልጆቿን ጠይቂያት፣ መክረሽ መልሻት። ሁለተኛውን ግን ዘመድሽም ቢሆን አትማሪው። የያዝሽውን ሰው ደግሞ አትምቺ፣ አትስደቢ፤ ውኃ ስጪው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ መብቱ ነው፤ መንገዱ ባይቆጠርም አንቺ አታዘግዪው። መጥረቢያውን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳየ እዚያው ቆመሽ ጻፊ። ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ያላየሽውን አየሁ ብለሽ አንዲት ቃል አትጨምሪ። ለምን እንደምልሽ ወደ ታች ትደርሺበታለሽ።

እሳትን እኔም አውቀዋለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ስሜን ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ ሲባል በሬዲዮ ስንሰማ ትዝ ይልሻል? አንቺ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሽ፤ እራትሽን ትተሽ አለቀስሽ። እሳት ሽቅብ ይሮጣል፣ ቁልቁል ይድኻል። ስለዚህ ከበላዩ አትቁሚ። ነፋሱ ከተሰዓት በኋላ ይዞራል፤ የተቃጠለውን መሬት ሁልጊዜ ከኋላሽ አድርጊ፣ መሸሻሽ እሱ ነው። የጓሳ ሣር ደግሞ ጠፋ ሲሉት ሥሩ ውስጥ ተደብቆ ያድራል። በእጅሽ ጀርባ ዳስሽው፤ ትኩስ ከሆነ ቆፍሪና አፈር አልብሺው። አንዱ ቅርንጫፍ ይዞ ሲመታ ሌላው ነፋሱን ማየት አለበት። ብቻሽን አትውጪ ያልሁሽ ለዚህም ነው።

እንግዳም ሲታመም እንዲሁ ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው። ራሴን ብሎ የሚያስመልሰው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ሰው ካጋጠመሽ ይረፍ ብለሽ አታስተኚው፣ ይንጋም አትበይ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች አውርጂው። በበቅሎ ከሆነ አንድ ሰው ልጓሙን ይያዝ፣ አንድ ሰው በሽተኛውን ይደግፍ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እዚህም ሁለት ሰው!

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የክርስትና አባትሽ ለምን እንደሚያነክስ ስትጠይቂ ከፈረስ ወድቆ ነው ብለንሻል። ከፈረስ አልወደቀም።

በደርግ ጊዜ እሱና እኔ የጮቄን ተራራ አስታ እንጠብቅ እንደነበር ታውቂያለሽ። ለሁለታችን አንድ ጠብመንጃ፣ በየአንገታችን ፊሽካ ነበረን። የተስማማነው ምልክት አንድ ረዥም ከሆነ «አለሁ»፣ ሁለት ረዥም ከሆነ «ና» ነው። በ1979 ጥር 22፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ የአጎትሽ ሠርግ ሆነ። ተራው የሁለታችን ነበር። «አንተ ሂድ፣ ወንድምህ ነው፤ አንድ ሌሊት ምን ይሆናል» አለኝ። ሄድሁ። ጠብመንጃውን እንኳ ለሠርጉ ተኩስ ብዬ ይዤው ወረድሁ። ግድግዳችን ላይ ያለው፣ እኔ ስስቅ የምታዪው ፎቶ የዚያን ቀን የተነሣ ነው። እናትሽ አውርጂው ስላት ለምን እንደሆነ አታውቅም።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጅብራ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ከማዶ ቀበሌ የመጣ ሰው ምሰሶ ሲቆርጥ ደርሶበት፣ ሲታገሉ በመጥረቢያው ጀርባ ቋንጃውን ብሎት ሄዷል። ዙሪያውን ያለውን ጓሳ እስከ ክንዱ ርዝመት ነቅሎ ነቅሎ እግሩን ሸፍኖበታል። የጋቢው ላይ ውርጭ ነጭ ነው፤ ስገልጠው እንደ ደረቅ ቆዳ ተንኳኳ። ፊሽካው ጥርሱ መሀል ነበር። አወጣሁለት። ሲያየኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሠርጉ እንዴት ነበር?» አለኝ።

በቃሬዛ ስናወርደው ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቶ «አብረን ነበርን በል፤ ከሥራ ያስወጡሃል፣ ያስሩሃል» አለኝ። እኔም አብረን ነበርን ብዬ ጻፍሁ። ሰውየው ተያዘ፣ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው አንዲት ነገር ጠየቁኝ፦ «መጥረቢያውን በየትኛው እጁ ይዞ ነበር?» በቀኙ አልሁ። የክርስትና አባትሽ ከእኔ በፊት በግራው ብሎ መስክሮ ነበር። ሰውየው ግራኝ ነው። የሁለታችንም ቃል ወደቀ፣ ሰውየው ወጣ። ደርግ ወድቆ ጥበቃው ሲፈርስ፣ መጀመሪያ መጥረቢያ ይዞ ያን ገመገም የወጣው እሱ ነው። አንቺ ስታድጊ ያየሽው መላጣ፣ በልጅነትሽ «አባዬ እዚህ ምን ነበር?» ያልሽኝ ቦታ፣ ያ ነው። አልመለስሁልሽም ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በዚያ ሌሊት፣ ከበሮው ፋታ ሲሰጥ፣ ከላይ በኩል ፊሽካ ሰማሁ። ሁለት ረዥም። ብርሌዬን አስቀመጥሁና እስከ ዳሱ ደጃፍ ሄድሁ። ሚዜዎቹ ተከትለው ያዙኝ፤ «እረኛ ነው» አሉኝ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ውርጭ፣ ተራራው ላይ እረኛ እንደማይኖር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ከበሮው ቀጠለ።

መስማቴን እሱ አያውቅም። ነፋሱ በዚያ በኩል ነበር፣ አልደረሰህም እያለ እስከ ዛሬ እሱው ያጽናናኛል። አንቺም አትንገሪው። ለፋሲካ ቤታችን ሲመጣ፣ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ።

እንግዲህ ብቻሽን አትውጪ ስልሽ ያንቺን እግር ብቻ አስቤ አይደለም። አጋርሽ ሲያመው አንቺ ወረድሽ፤ ነገ ደግሞ አንቺ ሲያምሽ እሱ ብቻውን ይወርዳል። አትልቀቂው። የሚቆረጠው አስታ ይቆረጥ፣ ሰውየው ያምልጥ፣ አለቃሽ ይቆጣ፤ ሬዲዮ አንሺና ሌላ ሰው እስኪደርስ ካምፑ በር ላይ ቁሚ። የተቆረጠ አስታ በጊዜው ያቆጠቁጣል። ፈሪ ቢሉሽ ፈሪ ልጅ አለችኝ ብዬ በገበያ መሀል አወራለሁ። ይህን ቃል ካፈረስሽ ግን ልጄ አይደለሽም እልሻለሁ... አይ፣ እሱን አልልም። ብቻ አታፍርሺው፣ በሞቴ።

የላክሁልሽ በማዳበሪያ የተሰፋ ነው። ባናው የእናትሽ ነው፣ ለማንም አታውሺ። በሶው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀይ ክር የታሰረበት ጨው አለበት፣ ነጩ የለበትም። ጫማሽ ሶሉ ከለቀቀ አትስፊው፣ ደባርቅ ወርደሽ አዲስ ግዢ፤ ብሩን በአክስትሽ ልጅ ልኬያለሁ፣ ቆጥረሽ ተቀበዪው። የባትሪሽን ድንጋይ በየወሩ ቀይሪ። ዳገት ላይ ካላብሽ ቆመሽ አትቀዝቅዢ።

ከበሶው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ፊሽካ ታገኛለሽ። ያው ነው። የገበያውን ወሬ የሰማ ለት እያነከሰ መጥቶ «ለልጅቱ ላክላት» ብሎ ሰጠኝ። አፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። በደንብ እጠቢው። አንድ ረዥምና ሁለት ረዥም ምን ማለት እንደሆነ ለአጋርሽ አስተምሪው፤ ቀን በቀን ተለማመዱት፣ በጭጋግ ጊዜ ከሬዲዮው ይልቅ እሱ ይሰማል።

የደብረ ወርቅ ማርያም ትጠብቅሽ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ስትደውዪ መጀመሪያ አጋርሽ መዳኑን ንገሪኝ።

አባትሽ