የስፒከር ክርክራችን ከመሣሪያው በፊት ስለ አደማመጣችን ይሁን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ስፒከርና ስለ ጆሮ ማዳመጫ ምርጫ በጋዜጣችሁ የቀረበውን ጽሑፍና እሱን ተከትለው የመጡትን የአንባቢያን አስተያየቶች በጥሞና ተከታትያለሁ። ከአስተያየት ሰጪዎቹ ገሚሶቹ ጥሩ ድምፅ የሚገኘው ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሲከፈል ብቻ ነው ሲሉ፣ የቀሩት ደግሞ የሰው ጆሮ ለየቅል ስለሆነ በዚህ ጉዳይ መከራከር ከንቱ ድካም ነው በማለት ነገሩን ዘግተውታል። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት የላቸውም ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የድምፅ መሣሪያ ወዳጆች ለምን እንደማይስማሙ አንዳቸውም አላስረዱንም። አምፕሊፋየርና ቴፕ በመጠገን የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ የምንነታረክበት ልዩነት አብዛኛው ከጣዕም ሳይሆን መሣሪያዎችን ከምናወዳድርበት መንገድ የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ የነበረው ፍሎይድ ቱል፣ አድማጮች የሚሰሙትን ስፒከር እንዳያውቁት በመጋረጃ ከልሎና የሁሉንም የድምፅ መጠን እኩል አድርጎ ተከታታይ ሙከራዎችን አካሂዶ ነበር። መሣሪያው ሲከለል የሰዎች ምርጫ እርስ በርሱ በጣም ይቀራረባል፤ አብዛኞቹ የሚመርጡትም ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ አንዱን ከሌላው ሳያስበልጥ የሚያሰማውን፣ ወደ ጎን የሚበትነው ድምፅም ከፊት ለፊቱ ጋር የሚመሳሰለውን ስፒከር ሆኖ ተገኝቷል። ቱል ከሥራ ባልደረባው ከሾን ኦሊቭ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ 40 ሰዎች አራት ዓይነት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ በመጋረጃ ተከልለው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዓይናቸው እያዩ እንዲመዝኑ ተደርጓል። ከመጋረጃው ጀርባ ሳለ ከትልልቆቹ ጋር የተፎካከረው ትንሹና ርካሹ መሣሪያ፣ ሲታይ ነጥቡ ወዲያው አሽቆለቆለ። መዛኞቹ ሃርማን የተባለው የስፒከር አምራች ድርጅት ሠራተኞች እንደነበሩ ልብ ይሏል፤ ሙያተኛ መሆን ከዓይን ተጽዕኖ አያድንም ማለት ነው።

እንግዲህ ጣዕም የሚባል ነገር የለም? አለ እንጂ። ኦሊቭና ባልደረቦቹ በጆሮ ማዳመጫዎች ላይ ቆየት ብለው ባደረጉት ጥናት፣ 64 በመቶ የሚሆኑት አድማጮች በአንድ ዓይነት የድምፅ ሚዛን ሲስማሙ፣ 15 በመቶዎቹ ከዚያ የበለጠ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ)፣ 21 በመቶዎቹ ደግሞ ያነሰ ቤዝ ፈልገዋል። ቤዝ ወዳዶቹ በአመዛኙ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ያነሰ ቤዝ ከመረጡት መካከል ደግሞ በዕድሜ የገፉትና ሴቶች ይበዛሉ። ስለዚህ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ ያለውም በአብዛኛው በቤዝ መጠን ላይ ነው። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ «ሙቀት»፣ «ነፍስ»፣ «ጥልቀት» እየተባለ በምሥጢር ቋንቋ የሚነገረው ብዙው ነገር የቤዝ ቁልፍን ትንሽ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ በማዞር የሚገኝ ነው።

የቀረውን ልዩነት የሚፈጥረው ምንድን ነው ቢባል፣ በመጀመሪያ የምጠራው የድምፅን መጠን ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሁሉ በላይ የሚያጣው ቤዙን ነው፤ ሲጨምር ደግሞ ያው ሙዚቃ ሞልቶና ደምቆ ይሰማል። ከሁለት መሣሪያዎች አንደኛው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ከተከፈተ፣ አድማጩ «ይህኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይህኛው ይሻላል» ይላል እንጂ። መርካቶ ውስጥ ስፒከር ለመግዛት የገባ ሰው ይህንን በዓይኑ ማየት ይችላል፦ ሻጩ ሊሸጥ የፈለገውን መሣሪያ ሲያገናኝ በቤዙና በትሬብሉ (በቀጭኑ ድምፅ) ላይ ጨምሮ፣ የድምፁንም ቁልፍ ከቀድሞው አለፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ገዢውም በልዩነቱ ተደንቆ ይከፍላል። ይህን ያደረገው ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ ራሱም እውነት የሚመስለው ሻጭ ብዙ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ክፍሉ አለ። የአዲስ አበባ ሳሎኖች ግድግዳቸው ብሎኬት፣ ወለላቸው ሴራሚክ ስለሆነ ድምፁ እየተንጸባረቀ ይመለሳል፤ ስፒከሩ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ በአካባቢው ያለው ግድግዳ በበዛ ቁጥርም ቤዙ ያብጣል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ወዳጄ ያማረረበትን ስፒከር እኔ ቤት ወስጄ ከጥጉ አውጥቼ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ባለበት ክፍል ስከፍተው ሌላ መሣሪያ መሰለን። በጆሮ ማዳመጫም በኩል ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጆሮን ገጥሞ የሚዘጋ ማዳመጫ መነጽር ባደረገ ወይም ሻሽ ባሰረ ሰው ራስ ላይ ክፍተት ስለሚተው ቤዙ ያመልጣል። ሁለት ሰዎች አንድን ማዳመጫ እየተቀባበሉ ሰምተው ሲጨቃጨቁ፣ እውነቱን ለመናገር የሰሙት አንድ ድምፅ አይደለም። ዕድሜም የራሱን ይወስዳል፤ ወጣት ደንበኞቼ የሚያማርሩበትን ቀጭን የቴፕ ፉጨት እኔ ስለማልሰማው፣ ከጠገንኩ በኋላ ልጄን ጠርቼ አረጋግጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን በእኛ ዘንድ የተረሳው የቅጂው፣ ማለትም ሙዚቃው የተቀረጸበትና የተባዛበት መንገድ፣ ጉዳይ ይመስለኛል። ቱል የክርክሩን አዙሪት ሲያስረዳ፣ ስፒከርን የምንመዝነው በሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃው ደግሞ የተቀናበረው ሌላ ስፒከር እየተሰማ ነው፤ ታዲያ ጉድለቱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል ይላል። ይህ አዙሪት የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለሚወዱ ሰዎች ይበልጥ ይከፋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ካቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የወጡት ሸክላዎች በጊዜው በነበረው መሣሪያ የተቀረጹ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በመጣው የካሴት ዘመን ደግሞ አንዱ ካሴት ከሌላው እየተገለበጠ ቀጭኑ ድምፅ በየግልባጩ ሲደበዝዝ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ጥርት አድርጎ በሚያሰማ ስፒከር ስንከፍተው የምንሰማው የካሴቱን ጉድለት ሆኖ ሳለ፣ ስፒከሩን «ደረቅ» ብለን እንፈርድበታለን። ትሬብሉ የደነዘዘ መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ፉጨቱ ስለማይሰማቸው የእነሱ የሚበልጥ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች እንደገና የታተሙትን ሙዚቃዎች ከአሮጌው ካሴት ጋር በአንድ መሣሪያ ላይ ያነጻጸረ ሰው የምለውን ይረዳኛል።

በገናም የራሱ ፈተና አለው። ከበግ አንጀት የሚሠሩት አሥሩ ጅማቶች፣ እነሱን በሚሸከመው በርኩማ ላይ እንዚራ በሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ስለሚነኩ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጣሉ፤ ንዝረቱም ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ብዙ ተደራራቢ ድምፆችን ያፈልቃል። ትንሽ ራዲዮ ወፍራሙን መሠረት ማሰማት ባይችልም፣ አእምሯችን ከተደራራቢዎቹ ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላዋል፤ በዐቢይ ጾም በእጅ ስልክ እንኳ በገና የሚደመጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል የተቀደደ ስፒከርም ይነዝራል። አንድ ደንበኛዬ በገና ብቻ ስለሚያዳምጥ ስፒከሩ መቀደዱን ያወቀው ዜና ሲከፍት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ በገናውን ከልብ አዳምጡት፤ ለፈተናው ግን የምታውቁትን ሰው ንግግር ጨምሩበት፤ የለመዱትን ሰው ድምፅ መዛባት ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል።

የቫኩም ቱቦ አምፕሊፋየርና ሸክላ የሚመርጡ ወዳጆቼ በዚህ ደብዳቤ እንዳይቀየሙኝ እፈልጋለሁ። ቱቦው በሙዚቃው ላይ ለጆሮ የሚጥም ትንሽ መዛባት ይጨምራል፤ ያንን አውቀው ከወደዱት ምርጫቸው ነው፣ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። የምቃወመው ያንን መዛባት «እውነተኛው ድምፅ» ብለው ለጀማሪ ሲሰብኩና ሰውየውን ለማይጠቅመው ወጪ ሲዳርጉት ነው።

እኛ በሠፈራችን የምናደርገው ቀላል ነው። ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አድርገን ፊታቸውን በሳሳ ነጠላ እንጋርዳለን፤ የሳሳ ጥጥ ድምፅን እምብዛም አያግድምና። የሁለቱን ድምፅ በእጅ ስልክ የድምፅ መለኪያ እናስተካክልና፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ሳይናገር ይቀያይራል። እስካሁን ያየሁት፣ ንግግርና በገና ሲከፈት ብዙዎቻችን ወደ አንዱ ስፒከር እንደምናዘነብልና የጭፈራ ሙዚቃ ሲመጣ በቤዙ ምክንያት ለሁለት እንደምንከፈል ነው። ለዚያኛው ክፍፍል ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ ኢኳላይዘር ይበቃል፤ አዲስ ስፒከር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን በትሕትና የምጠይቀው፣ ከእንግዲህ ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚጽፉ ጸሐፊዎች መሣሪያውን በምን ዓይነት ክፍል ውስጥና የት አስቀምጠው እንደሰሙት፣ የትኛውን ቅጂ እንደተጠቀሙ፣ ከሌላው ጋር ሲያወዳድሩም የድምፁን መጠን አስተካክለው እንደሆነ በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ እንዲገልጹ፣ ዋጋውን ደግሞ በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲያደርጉት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ