«ስንት ጊዜ መታሽ?» እያላችሁ መዝገብ አትዝጉ

ይድረስ፦ በሐዋሳ የሕፃናትን ቃል ለሚቀበለው ክፍል ኃላፊ

ሁለት ጊዜ በአካል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አቤት ብለን «እናየዋለን» ተብለናል። እንግዲህ ሰው ሁሉ እያየው ይዩት።

የሰባት ዓመት ልጅ አብሯት የሚኖር ዘመድ ይደበድባታል። መርማሪዎ «ስንት ጊዜ?» አላት፤ «ሦስት» አለች። ቆየት ብሎ ደገመላት፤ «አስር» አለች። «ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል» ተብሎ ተጻፈ፤ ዐቃቤ ሕጉም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 42(1)(ሀ)፣ ማለትም «ለማስቀጣት በቂ ማስረጃ የለም» ብሎ፣ መዝገቡን ዘጋው።

ያጋጨው ጥያቄው ነው። የተደጋገመ ነገር በልጅ አእምሮ ውስጥ ይዋሃዳል፤ «ሲሰክር ይመታኛል» የሚለው ይቀራል፣ የትኛው በየትኛው ቀን እንደነበር ይደበላለቃል። እስከ መቶ መቁጠር መቻሏ አይጠቅማትም፤ ዱላን ለመቁጠር እያንዳንዱን ለይቶ ማስታወስ ያሻል። ትልቅ ሰው ቁጥር ሲጠይቃት ቁጥር ትሰጣለች። ሲደግምላት «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብላ ትቀይራለች። ለመሆኑ እርስዎ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ሻይ ጠጡ?

መጠየቅ የነበረበት «አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከአንድ በላይ?» ነው። ይህን ከእሷ የሚያንሱም አብዛኛውን ጊዜ ይመልሱታል። ከዚያ «የመጨረሻውን ቀን ንገሪኝ»፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን፣ ቀጥሎ በደንብ የምታስታውሰውን ሌላ ቀን። ለየአንዳንዱ እሷው ስም ታውጣለት። እዚያው ቃሏ ላይ እኮ «ማማሰያው የተሰበረ ለት» ብላለች! መርማሪው አልፎት ወደ ቁጥሩ ተመለሰ። ማን አየ? ስባሪውስ የት ገባ? አልተጠየቀም።

ወሩንና ቀኑንም ከእሷ አትጠብቁ። «ከጨምበላላ በፊት ነው በኋላ?» የምትለዋ ዘዴም ታሳስታለች፤ በዓሉ በየዓመቱ ስለሚመለስ ያለፈው ቀን ሁሉ ከአንዱ በኋላ፣ ከሚቀጥለው በፊት ነው። ቀኑም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ይልቅ ስንተኛ ክፍል እንደነበረች፣ ትምህርት ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ፣ ያን ለት ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ ጠይቁ። ክስ ጊዜና ቦታ እንደሚፈልግ እናውቃለን፤ ጊዜውን ግን የመምህሯ የስም መቆጣጠሪያና የጤና ጣቢያ ካርዷ ይናገራሉ። መርማሪው ሁለቱንም አላስቀረበም።

መዝገቡ እንዲከፈት ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ይጻፉ። ልጅቷ አሁንም እዚያው ቤት ናት።

ከሕፃናት ጋር የምንሠራ ባለሙያዎች፣ ሐዋሳ