የጢስ አባይ መንገድም ይወራለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጢስ አባይ በጋዜጦችና በድረ ገጾች የሚወጡ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚታጀቡት በክረምት ማብቂያ ላይ በተነሳ፣ ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ በሚታይበት ፎቶግራፍ ነው። ያንን አይቶ በጥር ወይም በየካቲት የሚመጣ እንግዳ ግን ከቋጥኙ ላይ ቀጭን ሆኖ የሚወርደውን ውሃ ተመልክቶ «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። በቅርቡ ባሕር ዳር የሚኖር ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ አብረን ወደዚያ በወረድንበት ጊዜ የሰማሁትም ይህንኑ ነው።

ውሃውን ያሳነሰው በጋው ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ሥራ የጀመረው የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫና በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ውሃውን የሚጠልፉት ከፏፏቴው በላይ ሲሆን፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከጣና ሐይቅ ራሱ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል። መብራት ይቅር የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን እንግዳው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የዕለቱ ውሃ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል?

ከዚህ ይልቅ የሚቆጨኝ ፏፏቴውን ብቻ አይቶ የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሳያየው መቅረቱ ነው። ከጢስ አባይ ከተማ ወጥቶ ቁልቁል የሚወስደው የእግር መንገድ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ድልድይ ላይ ያደርሳል። አባይ እዚህ ቦታ በጠባብ ገደል ውስጥ ተጨንቆ ያልፋል። ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ የኖረው ይህ ድልድይ ዛሬም ሥራ አልፈታም፤ እኛ በደረስንበት ሰዓት ጆንያ የተጫኑ አህዮች ከገበያተኛው ፊት ፊት እየሄዱ ሲሻገሩ ጥጋችንን ይዘን አሳለፍናቸው። የመረገጫው ድንጋይ በእግርና በኮቴ ብዛት ልሞ ያንሸራትታል፤ ጫማ መርጦ መሄድ ይበጃል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን ወጥቶ፣ መንደሩን አቋርጦ፣ ከፏፏቴው ትይዩ ካለው ከፍታ ላይ ይደረሳል። ወደ ግርጌው መውረድ የፈለገ በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግሮ ይቀጥላል፤ ወንዙ ሲፈቅድ ደግሞ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በሌላ በኩል መመለስ ይቻላል።

በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንዙ ሲሞላም ጀልባው ይቆማል። ስለዚህ ውሃ የለም ተብሎ የሚታማው በጋ ለእግረኛ የተመቸው ወቅት ነው። ይህን ለእንግዳ የሚነግረው ግን የአካባቢው አስጎብኚ ወጣት ብቻ ነው፤ እሱንም ቀድሞ የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው።

የቱሪዝም ኃላፊዎች ዙሪያውን መንገድ በምልክት ቢያሳዩና ከፏፏቴው እኩል ቢያስተዋውቁት እንግዳው ግማሽ ቀን ይቆያል፤ ቡና የምታፈላዋም፣ አስጎብኚውም፣ ባለ ጀልባውም ይጠቀማሉ። ጋዜጣችሁም በበኩሉ የጢስ አባይን ፎቶግራፍ ሲያወጣ በየትኛው ወር እንደተነሳ ከሥሩ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ