ስጋው የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ሐሙስን ጠብቄ የልጅ ልጄን አራት ኪሎ አንድ በርገር ቤት ወሰድኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ምራቅ ያስውጣል፤ ስጋው ከዳቦው አልፎ ተርፎ ይታያል። የመጣልን ግን ሌላ ነው። ዳቦውን ገለጥ ባደርገው ስጋው የስኒ አፍ አክሎ መሃል ላይ ኩርምት ብሏል። ጠርዙ አሯል፣ ሰላጣው ጠውልጓል። ካቻፑማ አይጣል ነው! ስጋ እሳት ላይ ውሃውንና ስቡን ጥሎ እንደሚያንስ አላጣሁትም፤ 30 ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። ይሄ ግን ከመነሻውም ትንሽ ነበር። አስተናጋጇን ብጠይቃት «እማማ፣ ፎቶው እኮ ለማሳያ ነው» አለችኝ። ሒሳቡስ ለማሳያ ነው? 900 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ልጁ ድንች ጥብሱን ብቻ ጨርሶ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ «እማዬ፣ ቤት እንጀራ አለ?» አለኝ።

የአራት ኪሎ ነዋሪ